ስለ ዶን ስቴሊ ለጠየቃችሁን

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ አሜሪካዊቷ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ዶን ስቴሊ ገና እየተጫወተች አሠልጣኝ ሆናለች ሲባል ሰምቼ ማመን አቃተኝ። ሁለቱ ሥራ እንዴት አብሮ ሄደላት? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይመኑ፣ 6 ዓመት ያህል ሁለቱንም ይዛ ዘልቃለች። በ2000 የተወለደችበት ከተማ ፊላደልፊያ የሚገኘው ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድኑ ዋና አሠልጣኝ አድርጎ ሲቀጥራት ገና 30 ዓመት ገደማ ነበረች። በዚያው ዓመት ሲድኒ ላይ ለአሜሪካ ተጫውታ የኦሎምፒክ ወርቅ አጠለቀች። ነገሩን ያቀለለው የውድድሮቹ ወቅት አለመጋጨቱ ነው። ደብሊው ኤን ቢ ኤ (የአሜሪካ ሴቶች የሙያ ሊግ) ከግንቦት እስከ መስከረም ገደማ ሲካሄድ፣ የኮሌጁ ውድድር ኅዳር ጀምሮ ሚያዝያ መግቢያ ላይ ያልቃል። ያም ሆኖ ዋጋ ያስከፍላል። የኮሌጅ አሠልጣኞች ታዳጊዎችን እየዞሩ የሚመለምሉበት ዋናው ጊዜ ሐምሌ ስለሆነ፣ በሐምሌ ራሷ ሜዳ ላይ ያለች አሠልጣኝ ጥሩ ረዳቶች ከሌሏት አለቀላት። ስቴሊ ቴምፕልን በ8 ዓመት 172 ጊዜ አሸንፋ፣ 80 ጊዜ ተሸንፋ ለቀቀች። ከተጫዋችነት የተሰናበተችው በ2006 ነው።

ጥያቄ፦ ድሮ ኮከብ ስለነበረች አይደል ቡድኗ የሚያሸንፈው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ኮከብነቷስ አያጠያይቅም። 1 ሜትር ከ68 የምትሆን ኳስ አከፋፋይ ነበረች፤ 3 የኦሎምፒክ ወርቅ አላት፣ በ2004 አቴንስ ላይም የአገሯን ሰንደቅ ዓላማ ይዛ ገብታለች። የኮሌጅ ዋንጫ ግን በተጫዋችነት አላገኘችም። በ1991 የምትጫወትለት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በተጨማሪ ሰዓት በቴነሲ 70 ለ67 ሲረታ፣ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች የተባለችው ተሸናፊዋ ስቴሊ ነበረች።

ስሟ ብቻ እንደማይበቃ ደግሞ ከቴምፕል ቀጥሎ ያሠለጠነችው የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቡድን አሳይቷታል። በ2008 ስትረከበው በመጀመሪያው ዓመት 10 አሸንፎ 18 ተሸነፈ፣ በሁለተኛውም ከሽንፈቱ አልተላቀቀም። ዋንጫው የመጣው በ9ኛው የውድድር ዘመን፣ በ2017 ነው። ያኔም ረጅሟ አሌና ኮትስ ቁርጭምጭሚቷን ተጎድታ ከውድድሩ ውጭ ስትሆን፣ ስቴሊ ሌላ ረጅም ከመፈለግ ይልቅ ኤጃ ዊልሰንን ከቅርጫቱ ሥር ትታ በዙሪያዋ 4 ፈጣኖች አሰለፈች። ሚሲሲፒ ስቴት 67 ለ55 ተረታ። እኛን ከጠየቃችሁን ከዋንጫዎቿ ሁሉ አሠልጣኝነቷ የታየበት ይኸኛው ነው። በ2022 እና በ2024 ደግማለች፤ በ2021 ደግሞ በቶኪዮ ኦሎምፒክ የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድንን መርታ ጃፓንን 90 ለ75 አሸንፋ ወርቅ ወስዳለች።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ ሴት ታዳጊዎች አሠለጥናለሁ። ቋሚዎቹ ሲወጡ ጨዋታው ይፈርስብኛል። ከስቴሊ ምን ልውሰድ?

መልስ፦ የ2024ን ፍጻሜ ይመልከቱ። ዓመቱን በሙሉ ያልተሸነፈው ሳውዝ ካሮላይና አዮዋን 87 ለ75 ሲረታ፣ ከተቀያሪዎቹ 37 ነጥብ አገኘ፤ የአዮዋ ተቀያሪዎች ዜሮ። ጨዋታውን 10 ለ0 እየመራ የጀመረው ግን አዮዋ ነበር።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ልምምድ ላይ ነው። ቋሚዎቹ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ሆነው ተቀያሪዎቹን ሲገጥሙ፣ ሁለቱ ቡድኖች አብሮ መጫወትን ሳይለምዱ ይቀራሉ። 10 ልጆች ካሉዎት 3 ቋሚና 2 ተቀያሪ በአንድ ወገን፣ የቀሩትን በሌላው ያድርጉና በየ4 ደቂቃው ያደባልቋቸው። በግጥሚያ ቀን 5ቱን ባንዴ አይቀይሩ። 2 ብቻ አውጥተው፣ ኳስ ይዛ የምትወጣ አንዷ ሜዳ ላይ ትቅር። ልጅቷ ሳይደክማት፣ በሩቡ 5ኛ ደቂቃ ገደማ ይቀይሯት። ስህተት በሠራች ቁጥር ካስወጧት ቀጥሎ ስትገባ ከቅርጫቱ ይልቅ እርስዎን ነው የምታየው።

ለመከላከል 4 ለ4 በግማሽ ሜዳ ያሠሯቸው። አንዷ ኳስ የያዘችውን ትጠጋለች፤ አንድ ቅብብል የሚርቁት የቅብብሉን መስመር በእጃቸው ይዘጋሉ፤ ሁለት ቅብብል የምትርቀው ወደ መሐል ገብታ ቅርጫቱን ትጠብቃለች። ሕጉ አንድ ነው፦ ኳሱ አየር ላይ እያለ 4ቱም መንቀሳቀስ አለባቸው። ኳሱ ከተያዘ በኋላ የምትነሳ ልጅ ሁሌም አንድ እርምጃ ትዘገያለች። ወደ ወርዋሪዋ ስትሮጥ የመጨረሻዎቹን 2 ሜትሮች በአጫጭር እርምጃ፣ ወገቧን ዝቅ፣ እጇን ከፍ አድርጋ ትድረስ፤ በሙሉ ፍጥነት ከመጣች በአንድ ድሪብል ትታለፋለች።

ከሩቅ መወርወርንም አይርሱ። በ2023 ግማሽ ፍጻሜ አዮዋ ከሩቅ የማያስቆጥሩትን ትቶ ቅርጫቱ ሥር ተሰበሰበና ሳውዝ ካሮላይና 77 ለ73 ተሸነፈ። 5ቱም ቋሚዎች ከዚያ በኋላ ሄዱ፤ የተተኩት ግን ሦስት ነጥብ ከሚያስገኘው የ6.75 ሜትር መስመር ውጭ ችላ የሚባሉ አልነበሩም። ለልጆችዎ 6 ቁጥር ኳስ ይጠቀሙ፤ የወንዶቹ 7 ቁጥር ትልቅና ከባድ ስለሆነ ከትከሻ ገፍተው መወርወርን ያስለምዳቸዋል፣ ያ ደግሞ በኋላ ለማረም አስቸጋሪ ነው።