በአቴንስ ያለውን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ፣ ፓርቴኖንን፣ ያፈረሰው ምንድን ነው?

ዕድሜ ነው ወይስ የመሬት መንቀጥቀጥ ብለህ ለጠየቅኸው፦ ዋናው ምክንያት ባሩድ ነው።

ግሪኮች ቤተ መቅደሱን ለአምላካቸው ለአቴና የሠሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ447 እስከ 432 ነው። በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ከዚያም መስጊድ። ከ2000 ዓመት በላይ፣ ጉዳት ቢደርስበትም፣ በአብዛኛው ቆሞ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1687 ግን በአዛዡ በሞሮሲኒ የሚመራው የቬኒስ ጦር አቴንስን ከበበ። ከተማዋን ይገዙ የነበሩት ኦቶማኖች (ቱርኮች) ባሩዳቸውን ያከማቹት እዚያው ቤተ መቅደሱ ውስጥ ነበር። ሴፕቴምበር 26 ቀን ጥይት አረፈበትና መሃሉ ፈነዳ። በውስጡ የተጠለሉ ሰዎችም አለቁ። ያሳዝናል።

ስትጽፍ ግን ፍንዳታውን ከብሪታኒያዊው አምባሳደር ከሎርድ ኤልጂን ሥራ ጋር እንዳታምታታው። ብዙ ሰው ሲሳሳት አይቻለሁ። የኤልጂን ሰዎች ቅርጻ ቅርጾቹን መንቀል የጀመሩት በእ.ኤ.አ. 1801 ነው፤ ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት እነዚያ ናቸው።