ነጩን ከመምረጥዎ በፊት የክፍሉን ብርሃን ይዩ

እህታችን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የሠሩትን አዲስ ቤት ውስጡን በሙሉ ነጭ ለመቀባት አስበው የትኛው ነጭ እንደሚሻል፣ ቤቱ የሐኪም ቤት ክፍል እንዳይመስል ምን ማድረግ እንደሚገባ፣ ሐረር ጀጎል ያለውን የእናታቸውን ቤትም በዚያው ቀለም መቀባት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። በድሬዳዋ በቀለም ሥራ ረጅም ጊዜ ስለቆየሁ ያየሁትን ልጻፍልዎት።

ነጩን ከጣሳው ክዳን ላይ አይምረጡ። ሱቅ ውስጥ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ግን አንዱ ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ ቢጫ ወይም ወደ ግራጫ ያደላል፤ ይህን የሚያወጣውም ብርሃኑ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚነበበው «በሰሜን በኩል መስኮት ያለው ክፍል ብርሃኑ ቀዝቃዛ ነው» የሚለው ምክር የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ወደ ደቡብ ለምታዘነብልባቸው አገሮች የተጻፈ ነው። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐያችን ከአናታችን በስተሰሜን ናት። ስለዚህ እኛን የሚያሳስበን መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ወይስ ወደ ምዕራብ የሚለው ነው። በምዕራብ በኩል ወዳለው ክፍል ከሰዓት በኋላ የሚገባው ብርሃን ራሱ ቢጫ ስለሆነ ክሬም የሚባለው ነጭ እዚያ ቅቤ ይመስላል፤ ጥቂት ግራጫ ያለበት ነጭ ይሻላል። ወለልዎ ቀይ ሴራሚክ ከሆነም የግድግዳው የታችኛው ክፍል ቀላ ያለ ጥላ እንደሚይዝ ይወቁ። ሰፊ ካርቶን ሁለት ጊዜ ቀብተው በየክፍሉ እያዞሩ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይመልከቱት።

የሐኪም ቤት መልክ የሚመጣው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ቀለምና 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል) የሆነ አምፖል ሲገናኙ ነው። አምፖሉን ወደ 3000 ኬልቪን መለወጥ ብቻውን ክፍሉን ሊያሞቀው ስለሚችል፣ ቀለሙን ከመውቀስዎ በፊት እርሱን ይሞክሩ። ለሳሎንና ለመኝታ ቤት የማያብረቀርቅ፣ ግን የሚታጠብ ፕላስቲክ ቀለም እመርጣለሁ፤ አንጸባራቂ ቀለም የልስኑንና የስቱኮውን ጉድለት ሁሉ ያሳያል። ነጭ የዘይት ቀለም ደግሞ ብርሃን በማያገኝበት ቦታ ከጊዜ ጋር ቢጫ ስለሚሆን ለቁም ሣጥን ውስጥ አይጠቀሙበት።

አዲሱ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 4 ሳምንት ይድረቅ። በእኛ ሙቀት ቀለሙ ቶሎ ስለሚደርቅ ሮለሩ የቆመበት መስመር ይቀራል፤ ቀቢዎቹ ማለዳ ይጀምሩ፣ አንዱን ግድግዳም ሳያቋርጡ ይጨርሱ።

ጀጎል ያለውን ቤት ግን በፕላስቲክ ቀለም እንዳያስቀቡት አጥብቄ እለምንዎታለሁ። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ እርጥበቱን በፊቱ በኩል ያስወጣል፤ ፕላስቲኩ ሲያፍነው ቀለሙ አብጦ ከነልስኑ ይረግፋል፣ በቆየ ኖራ ላይም በደንብ አይዝም። ለዚያ ቤት የሚስማማው ኖራ ነው፤ ወለሉና የነደባዎቹ (በሐረሪ ቤት ውስጥ ከፍ ብለው የተሠሩት የመቀመጫ መደቦች) ፊት በቀይ አፈር የተቀቡ ከሆኑም ቀይ ነጸብራቃቸው ነጩን ስለሚያሞቀው ክሬም መጨመር አያስፈልግም። የሚላላጠውን አስፍቀው፣ ግድግዳውን በውሃ አርጥበው፣ ኖራውን በስሱ ደጋግመው ያስቀቡ፤ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ቀቢው ጓንትና መነጽር ያድርግ።