የጋራዥ ደጃፍ፦ ቀዩ ቁልፍ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባጃጅ ነጂ ነኝ፣ ቀበሌ 14 አካባቢ ነው የምሠራው። አሜሪካ ያለው አጎቴ ፎርድ ሙስታንግ ቦስ 302 የሚባል የ2013 ሞዴል መኪና ገዝቷል፤ በደወለ ቁጥር ወሬው እሱ ብቻ ሆኗል። ሁለት ዓይነት ቁልፍ አለው፣ በአንዱ ስታስነሳው ጨዋ ነው፣ በቀዩ ስታስነሳው ግን አውሬ ይሆናል ይለኛል። እየቀለደብኝ ነው? «የድሮው ተነሣ» የሚለውስ ምን ማለቱ ነው? ባሕር ዳር ቢያመጣውስ ያዋጣል?

መልስ፦ አልቀለደብህም፣ ልጄ። እኔም መጀመሪያ ስሰማ የሻጭ ወሬ መስሎኝ ነበር። ቁልፉ ውስጥ የጤፍ እንኳ ባትሆን የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቺፕ አለች። መኪናው ባለቤቱን ከሌባ የሚለየው በእሷ ነው፤ ይህ በብዙ መኪና ላይ አለ። የቦሱ ብልሃት የሞተሩ ኮምፒዩተር ሁለት ዓይነት ትእዛዝ መያዙ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲገባ ሁለተኛውን ያነባል። ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ፣ ቫልቮቹ የሚከፈቱበት ጊዜ፣ ቤንዚን መስጫውን ስትነካው ሞተሩ የሚመልስልህ መልስ፣ ሁሉም ይቀየራል፤ አንድ ብሎን ሳይፈታ። ሚኒሞ ላይ እንኳ ቆሞ ዝም አይልም፤ እንደ ድሮ የውድድር መኪና «ዱግ… ዱግ-ዱግ» እያለ ይንቀጠቀጣል። ግን ቁልፉ ለብቻው ተከፍሎበት፣ ለውድድር ሜዳ ብቻ ተብሎ የሚጫን ነበር እንጂ ከእያንዳንዱ መኪና ጋር አይመጣም። አጎትህ ከሁለተኛ እጅ ገዝቶ ቀዩን አብሮ ካገኘ ዕድለኛ ነው በለው።

ስለ ድሮው ስትጠይቀኝ ወንበር ስቤ ልቀመጥ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርህ።) በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ትራንስ-አም የሚባል ውድድር ነበር፤ ሞተሩ ከ5 ሊትር እንዳይበልጥ የሚል ገደብ ነበረው። የሼቭሮሌው ካማሮ ዜድ 28 ፎርድን እያሸነፈ አስቸገረ። ለመወዳደር ደግሞ መኪናውን መጀመሪያ ለሕዝብ ሠርቶ መሸጥ ግድ ነው። ፎርድ በ1969 ቦስ 302ን አወጣ፤ 302 ማለት የሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች ነው፣ ወደ 5 ሊትር ይጠጋል። የዚያን ዓመት 1,628 ብቻ ተሠራ፣ በ1970 ደግሞ 7,000 ገደማ፣ ከዚያ ቆመ። ቅርጹን ያወጣለት ላሪ ሺኖዳ ነው። «ምን እየሠራህ ነው?» ሲሉት «የአለቃን መኪና» እያለ ይመልስ ስለነበር ቦስ የሚለው ስም ከዚያ ወጣ ይባላል። እኔ የምወድለት ግን ሌላ ነው፦ የዚያ ዘመን ሙስታንግ ጎኑ ላይ ለይምሰል የተለጠፈ፣ አየር የማያስገባ የአየር ማስገቢያ ነበረው፤ ሺኖዳ ቦሱ ላይ አስወገደው። የማይሠራ ነገር መኪና ላይ ምን ያደርጋል?

በ1970 የፎርድ ተወዳዳሪ ፓርኔሊ ጆንስ የዓመቱን የመጀመሪያ ውድድር ካሊፎርኒያ፣ ላጉና ሴካ የሚባል የውድድር ሜዳ ላይ በቦስ 302 አሸነፈ፤ በዓመቱ መጨረሻም ዋንጫው የፎርድ ሆነ።

ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2012 እና በ2013 ሞዴል ብቻ፣ በውስን ቁጥር፣ ስሙ ተመለሰ። ስም አንሥተው፣ ጥቁር መስመር ቀብተው ዋጋ የሚቆልሉትን አልወድም። መስመሩማ እዚህም ላይ አለ። ግን ሰዎቹ የድሮውን ሥራ ነው የደገሙት። ያኔ ሞተሩ ዙሩ ዝቅ ሲል ሰነፍ፣ ዙሩ ከፍ ሲል ጉልበተኛ ነበር፤ ትልልቅ ቫልቭ ስላለው ትንፋሹ የሚከፈተው ሲሮጥ ነው። አዲሱም 5 ሊትር ነው፣ ያለ ቱርቦ (አየር በግድ የሚነፋለት ሳይኖር) 444 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፣ በደቂቃ እስከ 7,500 ዙር ይሽከረከራል። የድሮው በወረቀት 290 ነበር። ካምቢዮው ባለ 6 ማርሽ፣ በእጅ ብቻ፤ አውቶማቲክ የሚፈልግ ሌላ ይግዛ ብለዋል። ላጉና ሴካ የተባለው ዓይነትማ የኋላ ወንበሩ ወጥቶ በምትኩ ብረት ተጋድሞበታል። ሳቅ ያስመጣብኝ ግን የኋላ እግሩ ነው፦ እንደ አይሱዙና እንደ አሮጌው ዲኤክስ አንድ ወጥ አክስል!

አሁን ወደ ባሕር ዳር እናምጣው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። አስላው፤ 444 የነበረው 360ዎቹ ውስጥ ይገባል። ባጃጅህም ያው የከፍታው ግብር ከፋይ ናት፣ ግን 5,000 ሲሲ የአንተዋን 25 እጥፍ ስለሚሆን ለአጎትህ አታልቅስለት። የድሮው ቦስ ቢሆን ይብስ ነበር፦ ካርቡራተር የአገሩን ከፍታ አያውቅም። ከመተማ በረሃ የመጣ ካርቡራተር መኪና ጋራዤ ደጃፍ ሲደርስ ጥቁር ጭስ እየተፋ ነው፤ ቤንዚኑ ያው፣ አየሩ ግን ቀንሷል። የአዲሱ ኮምፒዩተር ይህን ራሱ ያስተካክላል።

የሚያሰጋኝ ቤንዚኑ ነው። የዚህ ሞተር ኮምፕሬሽን (አየርና ቤንዚኑን የሚጨምቅበት መጠን) 11 ለ 1 ነው፣ ከፍ ያለ ኦክቴን፣ ማለትም ሲጨመቅ ያለ ጊዜው የማይነድ ቤንዚን ይፈልጋል። እኛ ማደያ ስንገባ «ቤንዚን ወይስ ናፍጣ?» ነው የምንባለው፣ የኦክቴን ምርጫ ቀርቦልኝ አያውቅም። ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ሲነድ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ሴንሰሩ ይህን ሲሰማ ኮምፒዩተሩ እሳቱን ያዘገያል፣ ጉልበት ይወርዳል። በቀዩ ቁልፍማ እዚህ አይሞክራት።

ማስገባቱን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፦ ከ2016 ዓ.ም. (በእኛ) ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። እዚያው ይንዳው፣ ቪዲዮ ይላክልህ። አዲሱን የዓባይ ድልድይ እያሰብክ እንደሆነ ደግሞ ይገባኛል፣ እኔም አስቤዋለሁ። 380 ሜትር ነው፤ ቦሱ በቆላ አየር 400 ሜትርን 13 ሰከንድ ሳይሞላ ይጨርሳል። ግን ማታ ማታ ድልድዩ ላይ ሙሽራ፣ ፎቶ አንሺና ቆሎ ሻጭ ነው የሞላው።

ጥያቄ፦ የቪትዜን ማርሚታ ባስበሳው ጉልበት ይጨምራል? (ከፖሊ ግቢ አካባቢ)

መልስ፦ ከላይ ያለው ቦስ ከኋላ ሁለት፣ ከጎን ሁለት የጭስ መውጫ አለው፤ የጎኖቹ በቀዳዳ ብረት ታፍነዋል፣ ሜዳ ላይ በብሎን ይፈታሉ። እዚያም ቢሆን ዋናው ትርፍ ድምፅ ነው። አንተ ግን ለ1,000 ሲሲ? ቀዳዳው ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ከሆነ አየር ይገባና ሴንሰሩ ይሳሳታል፤ «ቤንዚን አነሰ» ብሎ ያስጨምራል፣ ነዳጅ ትበላለች። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረምሳ እምቢ ብሎኝ ሌላ ቦታ አስበስቶ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እንድበይድለት መጣ፤ መኪናዋን እየነዱ ያመጡት ግን እናቱ ናቸው።