ከጭስ ነፃ የሥራ ቦታ ሕግ ለድርጅቶች ምን ማለት ነው? ጥያቄና መልስ

ከጭስ ነፃ የሥራ ቦታ ሕግ የሚባለው በዝግ የሥራ ቦታዎች ማጨስን የሚከለክል ሕግ ነው። መላሹ በሕንፃዎች የአየር ዝውውር ሥራ ላይ የቆዩ መሐንዲስ ናቸው።

የሆቴል ባለቤት፦ ኃይለኛ አየር ማስወጫ ያለው የማጨሻ ክፍል ብናዘጋጅ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። አንዳንድ አገሮች እንዲህ ያለውን ክፍል ቢፈቅዱም፣ የተፈቀደ ሁሉ ከጉዳት ያድናል ማለት አይደለም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጭሱ የሚወጣውን ሰው ተከትሎ ወደ መተላለፊያው ይገባል፤ የጣሪያው የአየር መመለሻ ቱቦ ከሌሎች ክፍሎች ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ፣ በአንድ ጥግ የተጨሰውን ሲጋራ ራቅ ብሎ የተቀመጠ የሒሳብ ሠራተኛ ይተነፍሰዋል። ማጣሪያ ብናኙን ቢቀንስ እንኳ በጋዝ መልክ ያለውን መርዝ ሁሉ አያስቀርም። የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተካከያ መሐንዲሶች ማኅበር፣ ብዙዎቹ አባላቱ እንጀራቸውን የሚያገኙት ከእነዚሁ መሣሪያዎች ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የአቋም መግለጫ አደጋውን በትክክል የሚያስወግደው በቤት ውስጥ ማጨስን መከልከል ብቻ መሆኑን አስታውቋል። ከሁሉም በላይ መተርኮሻውን የሚያነሳውና ወለሉን የሚወለውለው ሠራተኛ ወደዚያ ክፍል መግባቱ አይቀርም፤ ሕጉ የወጣው ደግሞ ለእሱ ነው።

አዲስ አባል፦ ቅጣቱ ስንት ነው?

መልስ፦ የየትኛው አገር? አገሩ ሳይጠቀስ ይህን መመለስ አይቻልም። የአገራችሁን ሕግ አንብቡ።

የመጠጥ ቤት ባለቤት፦ ገበያችን አይቀዘቅዝም?

መልስ፦ ሙያዬ ኢኮኖሚ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ግምገማ፣ ክልከላው የምግብ ቤቶችንና የመጠጥ ቤቶችን ንግድ እንደማይቀንስ በቂ ማስረጃ መኖሩን ገልጿል።

የመጠጥ ቤት ባለቤት፦ ጥናቱ የእኔን ደንበኞች አያውቃቸውም። ማጨስ የሚፈልግ ሰው የፈለገበት ይሄዳል።

አስተናጋጅ፦ ደንበኛው መሄድ ይችላል፤ እኔ ግን ፈረቃዬ እስኪያልቅ እዚያው ነኝ። የእኔ ጤና የእርስዎ የገበያ ማሟያ ሊሆን አይገባም።

መልስ፦ አየርላንድ እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2004 መጠጥ ቤቶችን ጨምሮ በዝግ የሥራ ቦታዎች ማጨስን ስትከለክል መነሻዋ ይኸው የሠራተኛ ደኅንነት ነበር። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

የሰው ሀብት ኃላፊ፦ ደንበኛ አላቆምም ቢለን ኃላፊነቱ የማን ነው?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት አንቀጽ 8 (ሰዎችን ከትምባሆ ጭስ ስለመጠበቅ የሚደነግገው) መመሪያዎች፣ የንግድ ቤቱ ባለቤት ወይም ሥራ አስኪያጅም ግዴታ እንዲኖርበት ይመክራሉ። ምልክት ይለጥፋል፣ መተርኮሻዎችን ያነሳል፣ የሚያጨሰውን ሰው እንዲያቆም ይጠይቃል፤ እንቢ ካለም አገልግሎት ያቋርጣል፣ እንዲወጣ ይጠይቃል፣ ለሚመለከተው አካል ያሳውቃል። ጠረጴዛው ላይ መተርኮሻ ትቶ ግድግዳው ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» ብሎ መለጠፍ ግን ደንበኛውን ማደናገር ነው። ዝርዝሩ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ አሁንም የአገራችሁን ሕግ አንብቡ።

ሌላ አባል፦ የማጨሻ ክፍሉ ዙሪያውን በመስታወት ቢታጠርስ?

መልስ፦ ይህን የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ መልሻለሁ። መስታወቱ የበሩን መከፈት አያስቀርም፤ እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ ያለውን አንብቡ።

የድርጅት ባለቤት፦ በራሴ ቢሮ ብቻዬን ሆኜ ባጨስስ?

መልስ፦ እርስዎ ከወጡ በኋላ ጸሐፊዎ ፋይል ልታስቀምጥ፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ልታጸዳ ትገባለች። የአንቀጽ 8 መመሪያዎች የአንድ ሰው ቢሮን ከሥራ ቦታ ለይተው አያወጡም፤ መጋረጃውና ምንጣፉም የጭሱን ቅሪት ይዘው ይቆያሉ። ማጨስ ካለብዎ ከሕንፃው ወጥተው፣ ከበርና ከመስኮት ርቀው ያጭሱ።