ጭንቅላት ትልቅ ሲሆን ብልህ ይሆናል? ጥያቄና መልስ

«የልጄ ራስ ከእኩዮቹ ገዘፍ ያለ ስለሆነ ጎረቤቶቼ ‹ሊቅ ይሆናል› ይሉኛል፤ እውነት ነው?» (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

ጎረቤቶችዎ የሰጡዎት ምርቃት እንጂ ልኬት አይደለም። አንጎልን በኤምአርአይ ለክተው ከብልህነት ፈተና ውጤት ጋር ያነጻጸሩ በርካታ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድነት ሲገመገሙ የዝምድናው መጠን (0 ዝምድና የለም፣ 1 ፍጹም ዝምድና ማለት ሲሆን) 0.24 ገደማ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም በሰዎች ውጤት መካከል ካለው ልዩነት ከአንጎል መጠን ጋር የሚያያዘው 6 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው ማለት ነው። ነርሷ ሜትሩን ከሕፃኑ ቅንድብ በላይ አዙራ የምትለካው የራሱ ዕድገት ከልክ በላይ መፍጠኑን ወይም መዘግየቱን ለመከታተል እንጂ ብልህነቱን ለመገመት አይደለም።

«የራስ ቅል ለክተው ጥቁር ሕዝብ ያንሳል ያሉት ሰዎች ልኬታቸው ሐሰት ነበር?» (ከደቻቱ፣ ድሬዳዋ)

የክርክሩ ማዕከል በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፊላደልፊያ የነበረው ሐኪም ሳሙኤል ሞርተን ነው፤ የሰበሰባቸውን የራስ ቅሎች መጀመሪያ በዘር ፍሬ፣ ፍሬው ልኬቱን ሲያለዋውጥበት ደግሞ በደቃቅ የእርሳስ ብረት እንክብል እየሞላ ይሰፍር ነበር። አሜሪካዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ስቲቨን ጄይ ጉልድ እ.ኤ.አ. በ1978 ሞርተን ሳይታወቀው ቁጥሩን ነጮች ይበልጣሉ ወደሚለው እምነቱ አጋድሏል ሲል ጻፈ፤ በ2011 ከቅሎቹ በርካታዎቹን ዳግም የለኩ ተመራማሪዎች ልኬቱ በአብዛኛው ትክክል ነው ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ ዳግም መለካቱ ለጉልድ ትችት መልስ አይሆንም ብለው ተከራከሩ። በእኔ ግምት ሊመረመር የሚገባው ከልኬቱ ይልቅ ድምዳሜው ነው፤ የራስ ቅል ስፋት ከቁመትና ከጾታ ጋር ስለሚለዋወጥ፣ ቁናው በትክክል መሰፈሩ ስለ እህሉ ዓይነት የሚነግረን ነገር የለም። ደግሞስ ከእኛ ብዙም ባልራቀው በአፋር፣ ሄርቶ ላይ የተገኘው 160,000 ዓመት ገደማ የሆነው የሰው ራስ ቅል 1,450 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ ይህም ከዛሬው ሰው አማካይ ይበልጣል።

«ጅብ ብልጥ የሆነው አንጎሉ ትልቅ ስለሆነ ነው?» (ከጀጎል፣ ሐረር)

ማታ ከግንቡ ውጭ መጋቢው በስሙ ሲጠራው ከመንጋው ተለይቶ ወጥቶ ሥጋውን ከእንጨቱ ላይ ቀስ ብሎ የሚወስደውን ጅብ ያየ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በመንጋ የሚኖረው ይህ ነቁጣማ ጅብ፣ ለብቻው መዋል ከሚያዘወትረው ባለ ሽንትር ጅብ ይልቅ የአንጎሉ የፊት ክፍል ሰፋ ያለ መሆኑ በራስ ቅል ምስሎች ታይቷል። ጥቅል መጠን ብቻውን ግን ያሳስታል፤ ዝሆን 257 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች ሲኖሩት ሰው ያሉት 86 ቢሊዮን ገደማ ናቸው፤ ሆኖም የዝሆኑ ሴሎች ከሞላ ጎደል ሁሉም እንቅስቃሴን በሚያስተባብረው በኋለኛው የአንጎል ክፍል ይገኛሉ።

«አንጎል የሚያሳድግ ምግብ አለ?» (ከሐረር)

ለአዋቂ የለም። በእርግዝና ወቅት የአዮዲን እጥረት የልጁን አእምሮ እንደሚጎዳ ግን የተረጋገጠ ነው፤ ስለዚህ ቡናውንም በጨው የምትጠጡ ወገኖቼ አዮዲን ያለውን ጨው ገዝታችሁ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ በተከደነ ዕቃ አስቀምጡት።