የራዲያተር ፋንን በእጅ ማብሪያ ማስነሳት፦ ከኮምቦልቻ የደረሰን ጥያቄ

ጥያቄ፦ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሠራች ኮሮላ አለችኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ፣ የምሠራው ደሴ ስለሆነ ሐረጎን በየቀኑ እወጣለሁ። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ከጭነት መኪና ኋላ ሆኜ ዳገቱን ሳዘግም፣ እንዲሁም ደሴ ፒያሳ ላይ መንገድ ሲጨናነቅ የሙቀት ጌጁ ይወጣል፤ መንገዱ ሲለቀቅልኝና ፍጥነት ስጨምር ይመለሳል። የራዲያተሩ ፋን ሲዞር ከሰማሁ ሰንብቻለሁ። ያሳየሁት የመኪና ኤሌክትሪሽያን ከባትሪው በቀጥታ አንድ ሽቦ ስቦ ፋኑን ከዳሽቦርድ በማብሪያ እንዳስነሳው፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚያግደውን ቴርሞስታትም አስነቅዬ እንድጥለው መክሮኛል። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ይላል። ምክሩን ልቀበለው?

መልስ፦ ጠያቂያችን ምልክቱን በጥንቃቄ ስለጻፉልን ሥራችንን አቅልለውልናል። መኪናው ሲቆም ወይም ሲያዘግም የሚወጣ፣ ሲሮጥ ግን የሚወርድ ሙቀት ብዙውን ጊዜ የፋን ችግር ነው፤ በሰዓት ከ50 ወይም ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዱ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ፋኑ ኖረም አልኖረም እምብዛም ልዩነት አያመጣም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ቢሆንና መኪናዎ በፍጥነት ሲሄድ እየሞቀ ሲቆም የሚበርድ ቢሆን ኖሮ፣ የምንጠረጥረው የተደፈነ ራዲያተር ወይም የደከመ የውሃ ፓምፕ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ማብሪያ መድኃኒት አይሆነውም።

ሆኖም ፋኑ አለመነሳቱ ብቻውን ፋኑ መበላሸቱን አያሳይም። ፋኑን የሚያዘው የውሃውን ሙቀት የሚያነበው ትንሽ የሙቀት ስዊች ሲሆን፣ በመካከላቸው ሪሌ (በጥቂት ኃይል እየታዘዘ ትልቁን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ስዊች) እና ፊውዝ አሉ። የእርስዎ ዓይነት ኮሮላዎች በዚህ ረገድ ከብዙ መኪናዎች የሚለዩበት ጠባይ አላቸው። በብዙ የአውሮፓ መኪናዎች ስዊቹ ውሃው ሲሞቅ ሁለቱን ሽቦዎች ያገናኛል፤ በእነዚህ ቶዮታዎች ግን ስዊቹ ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ መስመሩን አገናኝቶ ይቆይና ሙቀቱ ወደ 93 ዲግሪ ሲደርስ ያቋርጠዋል፣ ፋኑም የሚነሳው መስመሩ ሲቋረጥ ነው። አሠራሩ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ ሽቦው በመንገድ ላይ ቢበጠስ ፋኑ ሳይቋረጥ ይዞራል እንጂ ሞተሩ አይቃጠልም።

ስለዚህ አንድ ሳንቲም ሳያወጡ ዛሬውኑ ሊሞክሩት የሚችሉት ነገር አለ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ኤርኮንዲሽነሩን ያጥፉ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ወደ ኮንታክት ያዙሩ፣ ከዚያም ከሙቀት ስዊቹ ጭንቅላት ላይ ባለ አንድ ሽቦውን ሶኬት ይንቀሉ። ፋኑ ያለ ማስጠንቀቂያ ስለሚነሳ እጅዎም የነጠላዎ ጫፍም ከክንፎቹ ይራቅ። ሪሌው ጠቅ ብሎ ፋኑ ከዞረ ፋኑም፣ ሪሌውም፣ ፊውዙም ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ያለው ስዊቹ ላይ ነው፣ አለዚያም ውሃው ጎድሎ ስዊቹ በአየር ተከቧል። በአየር የተከበበ ስዊች የውሃውን ሙቀት ማንበብ ስለማይችል፣ ስዊች ከመግዛትዎ በፊት የቀዘቀዘውን ራዲያተር ከፍተው ውሃው እስከ አፉ መሙላቱን ይመልከቱ። ሶኬቱ ተነቅሎም ፋኑ ዝም ካለ ግን ወደ ፊውዙና ወደ ሪሌው ይሂዱ፤ እነሱ ደህና ከሆኑ ከባትሪው ለአፍታ በፊውዝ በኩል ኃይል ሰጥተው የፋኑን ሞተር ራሱን ይፈትኑት። የሞተ ሞተርን የትኛውም ማብሪያ አያስነሳውም።

አሁን ወደ ኤሌክትሪሽያኑ ሐሳብ እንምጣ። የእጅ ማብሪያ መግጠም በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ከባትሪ ወደ ማብሪያ፣ ከማብሪያ ወደ ፋን በቀጥታ መሳብ ነው። የእንዲህ ዓይነት መኪና ፋን ሲዞር 10 አምፔር ገደማ ይስባል፣ በሚነሳበት ቅጽበት ደግሞ የዚያን እጥፍና ከዚያም በላይ። ከሱቅ የሚገዙት ትንሽ ማብሪያ ይህን ለጥቂት ቀናት ይችል ይሆናል። እኔም በወጣትነቴ ይህንኑ ሠርቻለሁ፤ ደሴ መናኸሪያ አጠገብ ተሳፋሪ እየጠበቅሁ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፣ ማብሪያውን ለማጥፋት ብነካው ጥርሱ ቀልጦ ከቤቱ ጋር ተጣብቆ ነበር። ፊውዝ ስላልነበረው ከጉዱ የተላቀቅሁት ኮፈኑን ከፍቼ የባትሪውን ራስ በማውለቅ ነው። ማብሪያው ባይቀልጥ እንኳ ሌላ ጣጣ አለ፤ በቀጥታ ከባትሪ የተሳበ ፋን ቁልፍ ተነቅሎም ይዞራል፣ አምሽተው ቢረሱትም 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከሌሊቱ እኩሌታ አያልፍም።

በእርስዎ መኪና ላይ መፍትሔው ከተነገርዎት ይልቅ ቀላል ነው። ሶኬቱን በመንቀል የሞከሩት ነገር ራሱ ማብሪያ ይሆናል ማለት ነው፤ ወደ ሙቀት ስዊቹ የሚሄደውን ቀጭን ሽቦ መሐል ላይ ቆርጠው ሁለቱን ጫፎች ወደ ዳሽቦርድ ማብሪያ ያምጡ። ማብሪያው መስመሩን አገናኝቶ ሲቆይ የፋብሪካው አሠራር እንደ ቀድሞው ይቀጥላል፣ መስመሩን ሲቆርጡት ፋኑ ይነሳል። በዚህ ሽቦ የሚያልፈው ለሪሌው መጠምጠሚያ የሚበቃ ጥቂት ኃይል ብቻ በመሆኑ ትንሽ ማብሪያ ይበቃዋል፤ ቁልፉን ሲያጠፉም ፋኑ አብሮ ይጠፋል። መኪናዎ ሌላ ዓይነት ሆኖ ሶኬቱን መንቀል ፋኑን ባያስነሳውና ነገር ግን ሽቦውን ከመኪናው ብረት ጋር ማስነካት ቢያስነሳው፣ ማብሪያው ከስዊቹ ጎን ለጎን ተገጥሞ ያንኑ ማስነካት ይሠራል። ሙቀቱ በኮምፒውተር የሚነበብባቸው አዳዲስ መኪናዎች ላይ ግን ይህን አይሞክሩት።

የፋብሪካው መስመር ተበጣጥሶ አዲስ መዘርጋት ግድ የሚሆን ከሆነ፣ ባለ አራት እግር ሪሌ ይግዙ። በእግሮቹ ላይ ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ 30 ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ 87 ወደ ፋኑ፣ 86 ከኮንታክት በማብሪያው በኩል፣ 85 ደግሞ ወደ መኪናው አካል ይሄዳሉ። 30 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው አንድ ስንዝር ባልራቀ ቦታ ይቀመጥ፤ ፊውዙ ርቆ ከተቀመጠ በመካከል ያለው ሽቦ ቢላጥ የሚያድነው የለም። ወፍራሙ መስመር 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን እመርጣለሁ። ፋኑ ከፋብሪካው ሽቦ ሳይላቀቅ አዲስ ሽቦ አይቀጥሉበት፣ ኃይሉ በአሮጌው መስመር ወደ ኋላ ይሄዳልና። ሲጨርሱ አንድ ወረቀት ከራዲያተሩ ፊት ያስጠጉ፤ ወደ ራዲያተሩ ካልተሳበ ሁለቱ የፋን ሽቦዎች ተለዋውጠዋል።

ስለ ቴርሞስታቱ አጭር መልስ አለኝ፤ አይንቀሉት። በእጅዎ ያለው ጥፋት የፋን ጥፋት ነው፣ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ደግሞ በደሴ ብርድ ማለዳ ሙቀቱን ሳያገኝ እየሠራ ነዳጅ ይበላል።

ከቴርሞስታቱ ይልቅ ማንም ዞር ብሎ የማያየው የራዲያተሩ ክዳን ያሳስበኛል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ፣ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ ኮምቦልቻ ወደ 94፣ ደሴ ከ92 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ይፈላል። ይህ ማለት ክዳኑ አየር የሚያስተነፍስ ከሆነ ውሃው ደሴ ላይ የሚፈላው ፋኑ እንዲነሳ ከተወሰነለት ሙቀት በፊት ነው፣ ፋኑ ደህና ቢሆንም እንኳ። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ግን ይህን የመፍላት ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። የክዳኑን ጎማ በጥፍርዎ ይሞክሩት፤ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ በላዩ ላይ በተጻፈው ግፊት ልክ አዲስ ይግዙ። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ግን ክዳኑን አይንኩት።

ማብሪያው ተገጥሞ ሲያበቃ ሐረጎን መውጣት ሲጀምሩ፣ ጌጁ ከመሐል ከማለፉ በፊት ያብሩት፤ አናቱ ላይ ደርሰው መንገዱ ሲለቀቅልዎት ይመልሱት። ያዘጋጀነው ማብሪያ ሲቆርጥ የሚያስነሳ በመሆኑ ፋኑ የሚበራው ማብሪያው «አጥፋ» በሚለው በኩል ሲሆን ነው፤ መኪናውን የሚያውሱት ሰው ይህን አያውቅምና ማብሪያውን ገልብጠው ያስገጥሙት።