የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አንድ መስመር ለማረም ሦስት ቀን

ጥያቄ፦ በሶፍትዌር ምሕንድስና ተመርቄ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሶፍትዌር ድርጅት እሠራለሁ። ተማሪ ሳለሁ ሥራው አዲስ ፕሮግራም መጻፍ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን አብዛኛውን ቀን የማሳልፈው ሌሎች የጻፉትን ኮድ በማንበብ ነው። በቅርቡ የተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓታችን የአንዳንድ ልጆችን የትውልድ ቀን በአንድ ቀን ወደ ኋላ እየመለሰ ስላስቸገረ ችግሩን እንድፈታ ተመደብሁ። ከኤክሴል የገቡት ትክክል ናቸው፤ በፎርሙ የተሞሉት ይሳሳታሉ፤ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ስሞክረው ደግሞ ሁሉም ትክክል ይሆናል። ሦስት ቀን ሙሉ ፈትሼ በመጨረሻ የለወጥሁት አንድ መስመር ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ «ቀኑን ሙሉ ተቀምጠሽ ምን ስትሠሪ ነው የምትውይው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ፤ እኔም ራሴን መጠራጠር ጀምሬአለሁ። እውነት ይህ ሥራ ነውን?

ስሜ አይገለጽ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አዎን፣ ሥራው ይህ ነው፤ እንዲያውም የሙያው ከባዱ ክፍል ይህ ነው። አንድ ሶፍትዌር ለደንበኛ ከተሰጠ በኋላ ለዓመታት ያገለግላል፤ በእነዚያ ዓመታት የጻፉት ሰዎች ድርጅቱን ይለቃሉ፣ መመሪያ ይለወጣል፣ ደንበኛው ያልታሰበ ነገር ይጠይቃል፤ ስለዚህ በሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ከሚጽፈው የሚያነበው ይበልጣል። የተለወጠውን መስመር ቆጥሮ ሥራን መመዘን ሐኪምን በማዘዣው ወረቀት ርዝመት እንደ መመዘን ነው።

እርስዎ ያገኙት ስህተት ምን ያህል ሥውር እንደ ሆነ ለሌሎች አንባቢያን በአንድ ልጅ መዝገብ እናሳይ። መዝጋቢዋ የልጁን የትውልድ ቀን መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ብላ በፎርሙ ስትሞላ፣ ፕሮግራሙ ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይለውጠውና ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ያደርገዋል። እስከዚህ ትክክል ነው። ነገር ግን ቀኑን ብቻውን በማስቀመጥ ፈንታ ከእኩለ ሌሊት ጋር አጣምሮ፣ በአዲስ አበባ ሰዓት እንደ ተፈጸመ ድርጊት ይመዘግበዋል። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት በ3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚሠራው ሰርቨር (መዝገቦቹ የሚቀመጡበት ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ያንኑ ቅጽበት ሴፕቴምበር 11 ከምሽቱ 3 ሰዓት ብሎ ይይዘዋል። የምስክር ወረቀቱን የሚያወጣው ገጽ ደግሞ ሰዓቱን ጥሎ ቀኑን ብቻ ሲወስድ ልጁ ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ዓ.ም. የተወለደ ሆኖ ይወጣል። የጎደለው አንድ ቀን ቢሆንም ዓመተ ምሕረቱ ተለውጧል፤ ዕድሜን ከዓመቱ ብቻ ቀንሶ በሚያሰላ ማናቸውም ፎርም ላይ ልጁ ባንድ ዓመት ይተልቃል።

በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ስህተቱ ያልታየው ኮምፒውተርዎ በአዲስ አበባ ሰዓት ስለሚሠራ ነው፤ ሲያስቀምጥ የቀነሰውን 3 ሰዓት ሲያነብ መልሶ ይደምረዋል። ከኤክሴል የገቡት መዝገቦች የተረፉት ከመጀመሪያውም ሰዓት ስላልተያያዘባቸው መሆን አለበት። ይህን ሁሉ ደርሶበት «የትውልድ ቀን ያለ ሰዓት ይቀመጥ» የሚለውን አንድ መስመር ለመጻፍ ሦስት ቀን ብዙ አይደለም። ለወንድምዎ ኮዱን ማሳየት አያስፈልግም፤ የልጁን ሁለት የትውልድ ቀናት ጎን ለጎን ያሳዩት።

ይሁን እንጂ ሥራው በዚያ መስመር አላለቀም ብለን እናምናለን። በተሳሳተው ቀን ታትመው የወጡ የምስክር ወረቀቶች ካሉ የአንድ ቤተሰብ ችግር ሆነው ይቀጥላሉና፣ የትኞቹ መዝገቦች እንደ ተነኩ ለይተው ለአለቃዎ ያቅርቡ። ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን በራሱ በሚፈትሸው አውቶማቲክ ፈተና ውስጥም መስከረም 1ን፣ ጳጉሜን 5ንና ጳጉሜን 6ን ያስገቡ። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ በመሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. ያልተፈተነ ፕሮግራም ጉድለቱ በ2019 ዓ.ም. ሊታይ ይችላል።

ለውጡን በጊት፣ ማለትም የኮድ ለውጦችን ታሪክ በሚይዘው መሣሪያ፣ ሲመዘግቡም «ስህተት ተስተካከለ» ብለው አይለፉት። ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው በአንድ ክፍል ተገናኝተው የማያውቁ እጅግ ብዙ ሰዎች ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ላይ አብረው እንዲሠሩ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሥራ የሚያስኬደው እያንዳንዱ ለውጥ ለምን እንደ ተደረገ በጽሑፍ ሲቀመጥ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን መስመር የሚያነብ ባልደረባ «ይህ ምን ያደርጋል?» ብሎ ወደ ቀድሞው እንዳይመልሰው፣ የሦስቱን ቀን ፍተሻ በአምስትና በስድስት ዐረፍተ ነገር ይጻፉለት።

አንድ ነገር እንጨምር። እንዲህ ያለውን ዕውቀት ከውጭ የሚመጡ የትምህርት ጽሑፎች አያስተምሩዎትም። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (ኮምፒውተሮች ለዓለም ፊደላት የሚጠቀሙበት የጋራ የቁጥር ሠንጠረዥ) ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አግኝቷል፤ በመሆኑም «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችን ተማሪ «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሠራተኛ፣ አስቀድሞ ካልታሰበበት፣ «አልተገኘችም» ይባላል። የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ የሚቆጥር ፎርምም እናትንና ልጅን ሳይዛመዱ ያስቀራቸዋል። ለእነዚህ ጉዳዮች የሚጨነቅ ባለሙያ ለአገራችን ሕዝብ እጅግ ያስፈልገዋል፤ እርስዎም ከእነዚያ አንዷ ለመሆን መንገድ ላይ ነዎት።

ጥያቄ፦ ልጄ የክፍያ ሶፍትዌር በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሯል። በየጊዜው «ተረኛ ነኝ» እያለ ስልኩን ራስጌው አድርጎ ይተኛል። በፋሲካ ሌሊት እንኳ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል? ይከፈለዋልስ?

አንዲት እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት በበዓል ዋዜማ ሥራ ስለሚበዛበት፣ የሚከታተለው ተረኛ መመደቡ ተገቢ ነው። ክፍያውን በተመለከተ ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የትርፍ ሰዓት ሥራ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ የመደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። የትርፍ ሰዓቱም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። አዋጁ የሥራ መሪዎችን ስለማይመለከት ልጅዎ በየትኛው መደብ እንደ ተቀጠረ ውሉን ይመልከት።

ልጅዎ ስልክ የተደወለበትን፣ ሥራ የጀመረበትንና የጨረሰበትን ሰዓት በየጊዜው ይመዝግብ፤ ክፍያ ሲጠይቅ ማስረጃው ይህ ነው። ተራ ይዞ ቤት ለሚጠብቅበት ጊዜ የሚታሰብለት ነገርም በቃል ሳይሆን በሥራ ውሉ ላይ ቢሰፍር ይሻላል። ያው ችግር በተደጋጋሚ ሌሊት የሚቀሰቅሰው ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ በመደበኛው የሥራ ሰዓት ተፈልጎ እንዲወገድ አለቃውን በጽሑፍ የመጠየቅ መብት አለው። ለሚመጣው በዓልም፣ እርሱ ቅዳሴ ላይ ሳለ ስልኩን የሚያነሣ ሁለተኛ ተረኛ ማን እንደ ሆነ ሳምንት ሲቀረው ጠይቆ ይወቅ።